ሆድ ዝም ሲል በሽታው ዝም ብሏል ማለት ነው?

የሰገራ ምርመራ ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ትዝ የሚለው አሜባ ነው። ዕድሜያቸው ገፋ ያሉት ናሙናውን በክብሪት ቀፎ ይዘው ጤና ጣቢያ የተሰለፉበትን ዘመን አይረሱትም። ዛሬ የክብሪቱ ቀፎ በፕላስቲክ ብልቃጥ ተተክቷል፤ ጥያቄው ግን ያው የድሮው ነው። የላቦራቶሪ ባለሙያው በማይክሮስኮፕ ያያል፣ "አሜባ አለ" ወይም "ጃርዲያ አለ" ብሎ ይጽፋል፣ ሜትሮኒዳዞል ወይም ቲኒዳዞል ይታዘዛል፣ ታካሚው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያቺ ብልቃጥ ግን ሌላ ጥያቄም መመለስ ትችላለች። ለአንዳንድ ሰዎች ያ ሌላው ጥያቄ በጊዜ መጠየቁና አለመጠየቁ አንጀታቸው በመትረፉና በቀዶ ጥገና በመቆረጡ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ያህል ባሕር ዳር የምትኖር አንዲት የ29 ዓመት የባንክ ሠራተኛ ትወሰድ። እውነተኛ ሰው አይደለችም፤ ሆኖም የአንጀት ሐኪም በር ላይ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ያውቃታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ እየተመላለሰባት የአሜባ መድኃኒት ስትውጥ ኖራለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ መጥታ ኮሎኖስኮፒ ተደረገላትና አልሰራቲቭ ኮላይተስ የሚባል በሽታ እንደሆነ ተነገራት። ፕሬድኒሶሎንና ሰልፋሳላዚን ተጀመረላት። በሦስት ወር ውስጥ ደሙ ቆመ፣ ክብደቷ ተመለሰ፣ ከስብሰባ መሃል ተነስቶ ወደ መጸዳጃ ቤት መሮጥ ቀረ። ፕሬድኒሶሎኑ ቀስ እያለ ተቀንሶ ቆመ፤ "ሰልፋሳላዚኑን ግን እንዳታቋርጪ" ተባለች። በስድስተኛው ወር አቋረጠችው።

ለምን አታቋርጥ? አልታመመችም። ክኒኑ በቀን አራት ፍሬ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው፤ ከገበያ ይጠፋል፣ ሲገኝም ዋጋው ጨምሮ ይጠብቃል። ለማይሰማ ሕመም በየወሩ ከደመወዝ ላይ ቆርሶ መክፈል ለማንም ከባድ ነው። ሐኪሙ "አታቋርጪ" ሲላት በቃሉ ብቻ እንድታምነው እየጠየቃት ነው። የሚያሳያት ነገር የለውም። የዚህ በሽታ ክትትል ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው፤ ደህና ነኝ የሚል ሰው ፊት የሚቀርብ ማስረጃ ማጣት።

በሽታው የአንጀት ብግነት በሽታ ከሚባሉት ከሁለቱ አንዱ ነው። አልሰራቲቭ ኮላይተስ የትልቁን አንጀት የውስጥ ሽፋን ያቆስላል፤ ክሮንስ የሚባለው ወንድሙ ከአፍ እስከ ፊንጢጣ የትኛውንም ቦታ ሊይዝና የአንጀቱን ግድግዳ ዘልቆ ሊያጠብበው ወይም ሊበሳው ይችላል። ሁለቱም የሰውነት መከላከያ በገዛ አንጀቱ ላይ ሲነሳ የሚመጡ ናቸው። በመድኃኒት ይረግባሉ፣ ያገረሻሉ፣ እንደገና ይረግባሉ። ጣጣው የሚመጣው በረገቡበት ጊዜ ነው። ማታ የተዳፈነ ፍም ጭስ የለውም፤ አመዱ ገለጥ ሲደረግ ግን ቀይ ሆኖ ይገኛል። ምንም የማይሰማው ሰው ኮሎኖስኮፒ ሲደረግለት አንጀቱ ቆስሎ መገኘቱ ለሐኪሞች እንግዳ ነገር አይደለም። ተቃራኒውም አለ፤ ቁስሉ ድኖ እያለ ቁርጠቱና መነፋቱ የማይለቀው ሰው። እሱ ደግሞ በማያስፈልገው ስቴሮይድ ፊቱ ያብጣል፣ አጥንቱ ይሳሳል። ስለዚህ ስሜትን ብቻ ተከትሎ መድኃኒት መጨመርም መቀነስም መንገድ ያስታል።

ኮሎኖስኮፒ እውነቱን ያሳያል፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ግን በየስድስት ወሩ ማን ይችለዋል? ከቀኑ በፊት ጠጣር ምግብ ይከለከላል፣ አንጀት የሚያጥብ መድኃኒት ሲጠጣ ይታደራል፣ የሥራ ፈቃድ ይጠየቃል፣ ከክልል ለሚመጣ ሰው የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪ ይጨመራል፣ አስታማሚ ያስፈልጋል። ደህና ነኝ ለሚል ሰው ይህን ሁሉ በየጊዜው ማዘዝ ከክትትሉ እንዲሸሽ መገፋፋት ነው።

ሰገራ የሚመጣው በዚህ መሃል ነው። አንጀት ሲቆጣ ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ፤ ከዚያም በአንጀቱ ግድግዳ አልፈው ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። በውስጣቸው ካልፕሮቴክቲን የሚባል ፕሮቲን ሞልቷል፤ በሴሉ ፈሳሽ ክፍል ውስጥ ካለው ፕሮቲን ግማሽ ያህሉ፣ እንዲያውም ከግማሽ በላይ የሚሆነው እሱ ነው። ስለዚህ በሰገራ ውስጥ ያለው የካልፕሮቴክቲን መጠን ስንት ወታደር ወደ አንጀቱ እንደዘመተ ይናገራል። ፕሮቲኑን መጀመሪያ ለይተው ያወጡት ማግኔ ፋገርሆል የተባሉ የኖርዌይ ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጊዜው እ.ኤ.አ. 1980 ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እዚያው ኖርዌይ ከሰገራ ውስጥ የሚለካበት ዘዴ ወጣ። ይህ ፕሮቲን አንድ መልካም ጠባይ አለው፤ በቶሎ አይበላሽም። ከማቀዝቀዣ ውጭ እንኳ ለጥቂት ቀናት ይቆያል። ይህች ነገር በኋላ ትጠቅማለች።

ቁጥሩ የሚነገረው በአንድ ግራም ሰገራ ውስጥ ባለ ማይክሮግራም ነው። ከ50 በታች ሲሆን አንጀቱ ጸጥ ያለ ነው ይባላል። ከ250 በላይ ሲወጣ ብግነት መኖሩ በብርቱ ይጠረጠራል። በመካከሉ ያለው ግራጫ ቦታ ነው፤ በዚያ ላይ ሆኖ መፍረድ ጥበብ ይጠይቃል።

ይህ የላቦራቶሪ ሰዎች ቅዠት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመ የለንደን ጥናት በሽታቸው ረግቦ የነበሩ 80 ሕሙማንን ወስዶ አንድ ጊዜ ሰገራቸውን ለክቶ ለአንድ ዓመት ተከታተላቸው። በዚያ ቀን ሁሉም ደህና ነን ያሉ ናቸው። ዓመቱ ሳያልቅ ከግማሽ በላዩ አገረሸባቸው፤ ከሚያገረሽባቸውና ከማያገረሽባቸው አብዛኞቹን አስቀድሞ የለየው ያ የመጀመሪያ ቀን ቁጥር ነበር። የለኩበት ዘዴና መስፈሪያ ከዛሬው ስለሚለይ ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ ከዛሬ ውጤት ጋር ማነጻጸር አይቻልም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ሕሙማኑ ያልሰሙትን ሰገራው ሰምቶታል።

ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ በታወቀው ነገር ሠርቶ ውጤት ማግኘት ሌላ። ካልም የሚባለው ጥናት የጠየቀው ይህንን ሁለተኛውን ነው። በ22 አገሮች በ74 ሆስፒታሎች የነበሩ 244 የክሮንስ ሕሙማን በሁለት ተከፈሉ። በአንደኛው ቡድን መድኃኒት የሚጨመረው ሕመሙን አይቶ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ግን ሕመሙ ባይኖርም ካልፕሮቴክቲኑ 250 ከደረሰ ወይም በደም የሚለካው ሲአርፒ 5 ከደረሰ ይጨመር ነበር። ከ48 ሳምንት በኋላ አንጀታቸው ሲታይ ቁስሉ የዳነላቸው በመጀመሪያው ቡድን 30 በመቶ፣ በሁለተኛው 46 በመቶ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2017 ላንሴት ላይ ሲወጣ ብዙ ሐኪሞችን አሳምኗል። ሁለት ነገር ግን አይዘነጋም። የጥናቱን ወጪ የቻለው መድኃኒቱን የሚሸጠው አብቪ የተባለው ኩባንያ ነው። ሁለተኛ፣ በተሻለው ቡድንም ቢሆን ከግማሽ በላዩ አልዳነም። ቁጥር መከታተል ተአምር አይሠራም፤ በጭፍን ከመሄድ ግን በግልጽ ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ ጋስትሮኢንተሮሎጂ ማኅበር ያወጣው መመሪያም ወደዚሁ ያዘነብላል። አልሰራቲቭ ኮላይተሱ የረገበለት፣ ሕመም የማይሰማው ሰው ካልፕሮቴክቲኑ ከ150 በታች ከሆነ ለቁጥጥር ብቻ ተብሎ ኮሎኖስኮፒ ባይደረግለት ይሻላል ይላል፤ ልኬቱ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ይደገም ይላል። ከ150 በላይ ሲወጣስ? እዚህ ላይ መመሪያው ብዙ ሰው ከሚጠብቀው በተቃራኒ ነው። ቁጥሩ ስለጨመረ ብቻ መድኃኒት ለመቀየር አይቸኩልም፤ ገብቶ አንጀቱን ማየትን ያስቀድማል። ኮሎኖስኮፒው አልቀረም ማለት ነው፤ ለሚያስፈልገው ሰው ተቆጠበ እንጂ። መሣሪያውም ሐኪሙም ጥቂት በሆነበት አገር ከዚህ የተሻለ አሠራር ማሰብ ያስቸግራል።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣ ግን ቁጥሩን እንደ ወረደ መቀበል አይቻልም፤ ምክንያቱ አገሩ ራሱ ነው። ካልፕሮቴክቲን ወታደር መዝመቱን እንጂ ከማን ጋር እንደሚዋጋ አይናገርም። ሺጌላ የመሰለ የተቅማጥ ባክቴሪያም ከፍ ያደርገዋል። ወገቡን አሞት ከሰፈር ፋርማሲ ዳይክሎፌናክ ገዝቶ ሳምንት የዋጠ ሰውም ቁጥሩ ሊጨምርበት ይችላል። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞልም እንዲሁ። በየቤቱ የኦሜፕራዞል ብልቃጥና የዳይክሎፌናክ ስትሪፕ በማይጠፋበት አገር፣ "በዚህ ወር ምን ዋጥህ?" ሳይባል የተለካ ቁጥር ሰውን ያለ ጥፋቱ ወደ ከባድ መድኃኒት ሊወስድ ይችላል። እንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜ ደግሞ በተመላላሽ ክፍል የለም። አንዲት ነርስ ናሙና ስትቀበል አራት አምስት ጥያቄ ያለበት ወረቀት ብታስሞላ ችግሩ በብዙ ይቀላል።

ከሁሉ የከፋው ቲቢ ነው። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ቲቢ በብዛት አለባቸው ካላቸው 30 አገሮች ውስጥ የገባች ናት። የአንጀት ቲቢና ክሮንስ በኮሎኖስኮፒ እንኳ መንታ ይመስላሉ፤ በናሙና ምርመራም አንዳንዴ አይለዩም። ካልፕሮቴክቲን በሁለቱም ይጨምራል። አንዱን ለሌላው ማሳሳት ደግሞ ቀልድ አይደለም፤ ለክሮንስ የሚሰጡት ስቴሮይዶችና እነ ኢንፍሊክሲማብ፣ አዳሊሙማብ በሰውነት ውስጥ የተኛን ቲቢ ይቀሰቅሳሉ። ስለዚህ ይህ ምርመራ ኢትዮጵያ ውስጥ በሽታን ለመሰየም የሚሮጥበት መሆን የለበትም። ቦታው ሌላ ነው፤ በሽታው በትክክል ከተሰየመ በኋላ፣ ሕክምና ከተጀመረ በኋላ፣ ያው ሰው ከራሱ ከትናንቱ ጋር እየተነጻጸረ መከታተያ። ባለፈው ኅዳር 80 የነበረ ቁጥር በግንቦት 420 ቢሆን ዳይክሎፌናክ የለም፣ ተቅማጥ የለም ሲባል ያ ወሬ ነው። አንድ ወር ቆይቶ ተደግሞም እንዲሁ ከፍ ብሎ ከወጣ ወሬው ተረጋገጠ ማለት ነው። ኢንፍሊክሲማብ በሚወስዱ የአልሰራቲቭ ኮላይተስ ሕሙማን ላይ የተደረገ የቤልጅግና የኖርዌይ ሐኪሞች ጥናትም በወር ልዩነት ተከታትለው ከ300 በላይ የወጡ ሁለት ውጤቶች ከአንዱ ብቻ ይልቅ ማገርሸትን እንደሚያመለክቱ አሳይቷል። ልኬቱ በአንድ ላቦራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ኪት ቢሆን ይመረጣል፤ ኪት ሲለያይ ቁጥር ይለያያል።

"ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እናቶች በወሊድ በሚሞቱበት አገር የቅንጦት ምርመራ ነው" የሚል አለ። የመጀመሪያው አባባል እያረጀ ሄዷል። በሽታው በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ተወስኖ አልቀረም፤ ከተሜነትና የምግብ ለውጥ በገቡበት ሁሉ በእስያም፣ በደቡብ አሜሪካም፣ በአፍሪካም እየታየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1991 በዘመቻ ወደ እስራኤል የተወሰዱት ቤተ እስራኤላውያን ጉዳይ ለዚህ ምስክር ነው። ሲደርሱ በሽታው በእነሱ ዘንድ ብርቅ ነበር፤ ኑሯቸው እዚያ እየረዘመ ሲሄድ ግን የአንጀት ብግነት የተገኘባቸው እየታዩ መጡ። ደሙ ያው ነው፤ የተለወጠው ኑሮው ነው። የአዲስ አበባ ኑሮም እየተለወጠ ነው።

ሁለተኛው አባባል ይበልጥ ክብደት አለው፤ በጥሞናም ሊመለስ ይገባል። የአንጀት ብግነት ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻ፣ በሃያዎቹና በሠላሳዎቹ ዕድሜ ነው። ተማሪውን፣ ሠራተኛውን፣ ልትወልድ ያለችውን ነው የሚይዘው። አገርሽቶ ሆስፒታል የሚያስተኛው፣ ደም የሚያስለግሰው፣ ትልቁ አንጀት ወጥቶ ሆድ ላይ ከረጢት የሚያስለጥፈው ሕመም ከሰገራ ምርመራው ብዙ እጥፍ ያስወጣል። የከረጢቱን ነገር የሚያውቁ ያውቁታል፤ ማስተካከያው፣ ሙጫው፣ የመለዋወጫው ፍለጋ። የቅንጦቱ ነገር ያኔ ይታያል።

ገንዘቡ ላይ ግን ሐቁን መሸሽ አይገባም። ኪቱ ከውጭ ይመጣል፣ በዶላር ይገዛል፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ማንኛውም ሪኤጀንት ምን እንደሆነ ላቦራቶሪ የሚያስተዳድር ሁሉ ያውቃል። ሌላም እንቅፋት አለ፤ እሱ ከዋጋው ይልቅ የሚያሳስብ ነው። ካልፕሮቴክቲን በብዛት የሚለካው ኤላይዛ በሚባለው ዘዴ ነው። አንድ የኤላይዛ ሳህን 96 ጉድጓዶች አሉት። አንድ የክልል ሆስፒታል በወር አምስት ታካሚ ቢኖረው ሳህኑ ሳይሞላ ሪኤጀንቱ ጊዜው ያልፍበታል። እያንዳንዱ ሆስፒታል ለብቻው ቢሞክረው ይከስራል፤ ሞክሮም ይተወዋል።

መውጫው እዚሁ አገር ተሞክሯል። የኢትዮጵያ ፖስታ የቲቢና የሌሎች ምርመራዎችን ናሙናዎች ከጤና ተቋማት ወደ ማዕከላዊ ላቦራቶሪዎች ሲያመላልስ ኖሯል። አክታ ተልኮ ውጤት የሚመጣበት መንገድ ካለ፣ ለጥቂት ቀናት የማይበላሽ ፕሮቲን የያዘች ብልቃጥ በዚያው መንገድ የማትሄድበት ምክንያት የለም። አንድ ወይም ሁለት ማዕከል የአገሩን ናሙና ሰብስቦ ሳህኑን እየሞላ ቢለካ የአንዱ ምርመራ ዋጋ ይወርዳል፣ የኪት መለያየት ችግርም አብሮ ይቀረፋል። የኤላይዛ ማሽንም እንግዳ አይደለም፤ ለኤችአይቪና ለጉበት ቫይረስ ምርመራ ሲሠራበት የኖረ ነው። የጎደለው አስተባባሪና በዝርዝሩ ውስጥ የሚያስገባው ሰው ነው። የባሕር ዳሯ ሴት ብልቃጧን ለባሕር ዳር ሆስፒታል ሰጥታ ሥራዋ ልትገባ ትችል ነበር፤ የአዲስ አበባ መሳፈሪያዋም በኪሷ ይቀር ነበር።

ምርመራው የማይሠራውን ደግሞ እንደሚሠራ አድርጎ መሸጥ ሌላ ጥፋት ነው፤ የግል ላቦራቶሪዎች ማስታወቂያ በሚበዛበት ከተማ ይህ ሥጋት ሩቅ አይደለም። በትንሹ አንጀት ላይ ብቻ ያለ ክሮንስ ቁጥሩ ሳይጨምር ሊደበቅ ይችላል። ትልቁ አንጀቱ ለዓመታት የቆሰለ ሰው ለካንሰር ስለሚጋለጥ በሽታው ከጀመረ ከስምንት ዓመት ገደማ ጀምሮ የሚደረግለት የኮሎኖስኮፒ ቁጥጥር አለ፤ የቱንም ያህል ዝቅ ያለ ካልፕሮቴክቲን ያንን አይተካም። ደም እየፈሰሰው፣ ትኩሳት ይዞት ውጤት እስኪመጣ ቤቱ የሚቀመጥ ሰው ካለም ተሳስቷል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ኀፍረት። ሰው ስለ ልቡ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ደም ግፊቱ በየካፌው ያወራል። ስለ ሰገራው ግን ለገዛ ሐኪሙም አያወራም፤ "ሆዴን ያመኛል" ብሎ ያልፋል። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" የሚለው ተረት ለዚህ የተባለ ይመስላል። ናሙና አምጡ ሲባሉ የሚሳቀቁ፣ ብልቃጧን በሦስት ፌስታል ጠቅልለው የሚያመጡ፣ ጭራሽ የሚቀሩም አሉ። ሐኪሙም ቢሆን አንዳንዴ ከታካሚው ያልተናነሰ ይሸማቀቃል፤ ስንት ጊዜ፣ ሌሊት ይቀሰቅስሃል ወይ፣ ደም አለው ወይ ብሎ በዝርዝር አይጠይቅም። ቁጥር እዚህ ላይ ያልታሰበ ጥቅም አለው። ስለ ሰገራ ማውራት የሚያሳፍረው ሰው ስለ 420 ማውራት አያሳፍረውም። ስለ ስኳሩ እንደሚያወራው ሁሉ "የኔ ወረደ፣ ያንተስ?" ሊል ይችላል።

የባሕር ዳሯ ሴት ክኒኗን ባቋረጠች በአራተኛው ወር ደሙ ተመለሰ። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት፣ እሷ ሠርግ ስትሸኝና ሥራ ስትገባ፣ ቁጥሩ ከፍ እያለ ነበር ቢባል የሚያስገርም አይደለም። "420" የሚል ወረቀት በእጇ ቢኖር ኖሮ ያን ክኒን ትመልሰው ነበር ወይ? ምናልባት። ቢያንስ ሐኪሟ የሚያሳያት ነገር ይኖረው ነበር። አሁን ግን ደክማ፣ ነጥታ፣ ወደ ሰፈሯ ጤና ጣቢያ ስትገባ ያቺኑ ብልቃጥ ይሰጧታል፤ ላቦራቶሪውም የሚፈልገው አሜባ ነው።